በሁለት ምት የገባው ችካል

ነፍሳችሁን ያንጠለጠላችሁበትን ችካል ማን እንደመታው፣ ምን ዓይነት ድንጋይ ላይ እንደመታው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ጊዜ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። በየክረምቱ ወንዙ ሞልቶ ሸለቆውን ስለሚውጠው፣ ማምለጫቸው የገደሉ አናት ብቻ ነበር። በበጋ ወደዚያ የሚያደርስ የሁለት ቀን ዙሪያ መንገድ አለ። ጎርፍ ከመጣ ግን የሚያወጣቸው ከአናቱ ላይ በችካል ታስሮ የሚወርድ ገመድ ነው። የችካሉን ቦታ የሚመርጠው ቀበሮ፣ የሚመታው ደግሞ ጅብ ነበር። ባለፈው ክረምት ችካሉ ተነቀለና የአህያ ውርንጭላ ከነገመዱ ጎርፍ ውስጥ ገባ። አንበሳም ሌሎቹም እንስሳት «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ብለው አለፉት። እናቱ አህያም አገር ጥላ ሄደች።

ዓመቱን ሩቅ ተራራ ላይ ከዝንጀሮዎች ጋር ኖረች፤ የአለት ጠባይም ተማረች። ክረምት ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ቀበሮና ጅብ ዘንድሮም ችካል ሊመቱ መውጣታቸውን ሰማች። እሷም የሌላ እናት ልጅ እንዳይወድቅ ብላ በዙሪያው መንገድ ወደ ገደሉ አናት መጣች።

ጅብ ላቡን እየጠረገ ተቀበላት።

«እትዬ አህያ፣ ጉልበቴን አየሽልኝ? በሁለት ምት ገባ!»

«በሁለት ምት የገባ በአንድ ስበት ይወጣል» አለች። «የመታኸው አለት ላይ አይደለም፤ ስንጥቁን የሞላው አፈር ላይ ነው።»

ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ፣ «ዝንጀሮ ያስተማራት ሊቅ መጣችልን!» አለ። «እኔ ራሴ ፈትሼዋለሁ።»

«በምን ፈተሽከው?»

«በዓይኔ።»

«እንግዲያው በወገብህ ፈትሸው። ገመዱን ታጠቅና ውረድ።»

ከገደሉ ጫፍ ሁለት ክንድ ዝቅ ብላ አንዲት ሰፊ እርከን ነበረች። በገመድ መውጣትና መውረድ የሚለማመዱት እዚያ ነው። ቀበሮ ወደ እርከኗ አየና ሳቀ። «እኔ ቀላል ነኝ፤ ለፈተና የሚሆነው ከባድ ነው። አያ ጅቦ፣ ክብሩ ላንተ ይሁን!»

ጅብ በክብሩ ደስ ብሎት ታጠቀ። እግሩ ከጫፉ እንደለቀቀ ችካሉ ከነአፈሩ ተመዞ ወጣ። ጅብ በቂጡ እርከኗ ላይ ተቀመጠ፤ ችካሉም ተከትሎ አናቱን መታው።

«ማነው የመታኝ?» ብሎ ጮኸ።

«የራስህ ሥራ ነው» አለችው አህያ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። አለቱን በሰኮናዋ እየመታች ጆሮዋን ቀሰረች። አንዱ እንደ ባዶ እንስራ አስተጋባ፤ አለፈችው። ሌላው ጠርዝ ላይ ስለነበር ተፈረካከሰ፤ እሱንም አለፈችው። ከቀትር በኋላ ከጫፉ ገባ ያለ ጥቁር አለት እንደ ደወል ጮኸላት። «እዚህ ነው» አለች።

«ይሄማ ብረት ነው!» አለ ጅብ። «ሦስት ቀን ይፈጃል!»

«አንድ ሳምንት አለን። ፈልፍል።»

ጉድጓዱን የችካሉ አናት ከገደሉ ጫፍ ወደ ኋላ እንዲያዘነብል አድርገው ፈለፈሉት፤ ደረቅ የወይራ ችካልም አስገቡበት። ጅብ ጨረስኩ ብሎ ሲጋደም አህያ ሌላ አለት ስትደበድብ ሰማ።

«ደግሞ ምን ቀረ?»

«ሁለተኛው። አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ፣ ገመዱ በሁለቱም ላይ እኩል ይታሰራል።»

ሲጨርሱም የሦስት ጅብ ክብደት ያለው ድንጋይ አንጠልጥላ ሌሊቱን አሳደረችው። ንጋት ላይ ችካሎቹን አየች፤ የፀጉር ያህል አልተነቃነቁም።

በማግስቱ ቀበሮና ጅብ እንስሳቱን ሊሰበስቡ በገመዱ ወረዱ። ወዲያው ጎርፉ መጣ። አህያ ከላይ ሆና ገመዱን እየሳበች ፍየሎችን ከነግልገሎቻቸው፣ ሚዳቋን፣ አንበሳን፣ ቀበሮን አወጣች። መጨረሻ ላይ ጅብ ሲንጠለጠል ውሃው እግሩን ይዞ ጎተተው። ገመዱ ተወጠረ፤ ችካሎቹ ግን ያዙ። አህያም ጥርሷን ነክሳ ሳበችው።

አንበሳ ጋማውን እያራገፈ፣ «ልጄ፣ ሁላችንም ተርፈናል» አለ። «እንግዲህ ቂሙን ተዪው። እነዚህን ሁለቱን ይቅር በያቸው።»

ቀበሮ እግሯ ላይ ወደቀ። «ተሳስቼ ነው፣ እትዬ!»

«አልተሳሳትክም፤ ሰነፍክ» አለች አህያ። «ገመዱን ላንተም ለጅብም አስሬያለሁ፤ ማንንም አልከለከልኩም። ይቅርታ ግን የለኝም። ቦታውን ለመረጥከው ለአንተ የለኝም፤ ችካሉን ለመታው ለጅብ የለኝም፤ አንበሳ ሆይ፣ አይተው የፈጣሪ ቁጣ ነው ላሉት ለእርስዎም የለኝም። ለማንም የለኝም።»

ይህን ብላ ችካሎቹን እንደገና ልታይ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው የሌላው ነፍስ የሚንጠለጠልበትን ችካል በሚቀለው ቦታ የመታ ሁሉ፣ ኋላ እግር ላይ ቢወድቅም የወደቀውን መልሶ እንደማያነሣ ነው።