ጡሩምባ የተነፋለት ቤት

ዝናቡ ሳይቀድመን ጠጋ በሉና ስሙኝ። ደረቅ ወንዝ የምትባል ከተማ አለች። ስሟን ያወጣላት ሰው በበጋ ነው የመጣው፤ በክረምት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ስም ሳያወጣ ጎርፍ ይወስደው ነበር። በበጋ ወንዙ ውስጥ ኳስ ይጫወቱበታል፣ አህያም ይንከባለልበታል። ሐምሌ ሲገባ ግን ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የሰው ደጅ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱም ለይሉኝታ ነው እንጂ ግባ እስኪሉት አይጠብቅም።

እዚያች ከተማ ትርንጎ የምትባል በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ በርበሬው እያስነጠሳት፣ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ለራሷና ለልጇ ቤት ሠራች። አምና ጎርፉ ገብቶ የበርበሬ ጆንያዋን ይዞ ወረደ፤ የታች ሰፈር ውሾች ሲያስነጥሱ ሰነበቱ። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። ከልጇ ጋር አልጋ ላይ ቆማ ውኃው ግድግዳውን ሲልሰው ያየች እሷ ናት። ዘንድሮ የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ቤቷ ቢፈርስ መልሶ የሚያቆምላት ዋስ። እሱን ካገኘሁ እንቅልፍ ይወስደኛል አለች።

ስለዚህ ኢንሹራንስ ሻጩን ኪሩቤልን ጠራችው። ኪሩቤል ከረባቱን አስተካክሎ ቤቱን ዞረው፣ ግድግዳውን ደበደበ፣ ከቤቱ በላይ ያለውን የተደፈነ ቦይ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ትርንጎ፣ እኛ ዋስ የምንሆነው አደጋ ሊደርስበት ይችላል ለሚባል ቤት ነው» አላት። «የእርስዎ ቤት ግን ከጎርፉ ጋር ቀጠሮ አለው። ቦዩ ካልተከፈተ አለቆቼ አይሰሙኝም።»

ቦዩ ውኃ አልወስድ አለ፣ ኪሩቤል ዋስ አልሆን አለ፣ እንቅልፍም ትርንጎን አልወስድ አለ።

ቦዩን የደፈነው የአናጢው የደምሰው ጣውላ ነው። ትርንጎ ሄዳ «ደምሰው፣ በሞቴ ይሄን ጣውላ አንሳልኝ፤ ልሰምጥልህ ነው» አለችው።

«አንስቼ የት ላድርገው?» አለ ደምሰው። «ግቢዬን የጫኔ መኪና ይዞታል። ቆሞ ከመክረሙ የተነሳ ዶሮዎቼ ጋቢና ውስጥ ነው እንቁላል የሚጥሉት። መኪናው ይውጣ እንጂ ጣውላውን በጥርሴም ቢሆን አነሳልሻለሁ።»

ጣውላው ከቦዩ አልነሳ አለ፣ ቦዩ ውኃ አልወስድ አለ፣ ኪሩቤል ዋስ አልሆን አለ፣ እንቅልፍም ትርንጎን አልወስድ አለ።

ሾፌሩ ጫኔ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታል፤ ዓይኑንም ከካርታው አላነሳም። «ጎማዬ ሸምሱ ጋ ነው ያለው። በሦስት እግር ልንዳልሽ? እኔ ሾፌር ነኝ፣ ሰርከስ አልሠራም።»

መኪናው ከግቢው አልወጣ አለ፣ ጣውላው ከቦዩ አልነሳ አለ፣ ቦዩ ውኃ አልወስድ አለ፣ ኪሩቤል ዋስ አልሆን አለ፣ እንቅልፍም ትርንጎን አልወስድ አለ።

ጎሚስታው ሸምሱ ጎማ ተንተርሶ ተኝቷል። «መብራት የለም፣ እህቴ» አላት፣ አንድ ዓይኑን ብቻ ከፍቶ። «በአፌ ልንፋው? መብራት ይምጣና ጎማውንም እነፋለሁ፣ እኔም እነሳለሁ።»

ሸምሱ ጎማውን አልነፋ አለ፣ መኪናው ከግቢው አልወጣ አለ፣ ጣውላው ከቦዩ አልነሳ አለ፣ ቦዩ ውኃ አልወስድ አለ፣ ኪሩቤል ዋስ አልሆን አለ፣ እንቅልፍም ትርንጎን አልወስድ አለ።

የመብራት ሠራተኛው ታደለ መሰላሉን ግድግዳ አስደግፎ እሱ ደግሞ መሰላሉን ተደግፏል። «ሽቦውን የበጠሰው የእማማ ደብሪቱ ባሕር ዛፍ ነው» አላት። «ዛሬ ብቀጥለው ነገ ይበጥሰዋል። ከዛፍ ጋር እልህ አልጋባም። ዛፉ ይቆረጥ።»

ታደለ ሽቦውን አልቀጥል አለ፣ ሸምሱ ጎማውን አልነፋ አለ፣ መኪናው ከግቢው አልወጣ አለ፣ ጣውላው ከቦዩ አልነሳ አለ፣ ቦዩ ውኃ አልወስድ አለ፣ ኪሩቤል ዋስ አልሆን አለ፣ እንቅልፍም ትርንጎን አልወስድ አለ።

እማማ ደብሪቱ ከዛፋቸው ሥር ተቀምጠዋል፤ ዘብ የቆሙ ይመስላሉ። «ልጄ፣ የጓሮዬን አፈር አቅፎ የያዘልኝ ይሄ ዛፍ ነው። እሱ ከሄደ እኔም ከነአልጋዬ ሄድኩ ማለት ነው። ኢንሹራንስ ላግኝና ይቆረጥ።»

«ታዲያ ኪሩቤልን አይጠይቁትም?»

«ጠይቄው ነበር እንጂ። መጀመሪያ ቦዩ ይከፈት አለኝ።»

ትርንጎ እዚያው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። እማማ ደብሪቱ ዛፉን አላስቆርጥ አሉ፣ ታደለ ሽቦውን አልቀጥል አለ፣ ሸምሱ ጎማውን አልነፋ አለ፣ መኪናው ከግቢው አልወጣ አለ፣ ጣውላው ከቦዩ አልነሳ አለ፣ ቦዩ ውኃ አልወስድ አለ፣ ኪሩቤል ዋስ አልሆን አለ፣ እንቅልፍም ትርንጎን አልወስድ አለ። ዞሮ ዞሮ እዚያው። ሁሉም የጎረቤቱን ደጅ እያየ ቁጭ ብሏል፣ ተራራው ላይ ደግሞ ደመናው ጠቁሯል። ትርንጎ ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ንዴቷ ባሰ።

ተነስታ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ መንበሩ ዘንድ ሄደች። በደረቅ ወንዝ ሰው ሲሞት ጋሽ መንበሩ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ የእድሩ ወንዶችም መቃብር ሊቆፍሩ ዶማና አካፋ ይዘው ይወጣሉ። የቀረ ይቀጣል። በዚያ ላይ አንድ ክፉ እምነት አላቸው፤ ለቀብር ዶማ ይዞ የወጣ ሰው ሳይቆፍር ቤቱ ከገባ፣ ዶማው የባለቤቱን ጉድጓድ ይፈልጋል ይላሉ። አናምንም የሚሉት እንኳ ሞክረውት አያውቁም።

«ጋሽ መንበሩ፣ ጡሩምባውን ይንፉልኝ» አለቻቸው።

«ማን ሞተብሽ?»

«ቤቴ።»

አሻግረው አዩ። «ቆሟል እኮ፣ አንቺ።»

«ባለፈው የቀበርነው ዘለቀስ እስከ ሞቱ ዋዜማ ቆሞ ሲሳደብ አልነበር?»

ጋሽ መንበሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሬሳ ሳይኖር ብነፋ እድሩ የሚቀብረው እኔን ነው።»

«ከሞተ በኋላ ቢነፉልኝ ምን ይረባኛል? አምና ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው አልጋ ላይ የቆምኩት። ዘንድሮ አድጋለች፣ አልችላትም።»

ሽማግሌው መሳቃቸውን ተዉ። ጡሩምባውን ከግድግዳው አውርደው ወጡ። «የእድራችን አባላት፣ ወደ ትርንጎ ቤት! ዶማና አካፋ ያዙ፣ የቀረ ይቀጣል!» አሉ። ማን እንደሞተ የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም አልዋሹም።

ጫኔ ካርታውን ጥሎ አካፋ ይዞ መጣ። ደምሰው መጣ፣ ሸምሱ ነቅቶ መጣ፣ ታደለ መጣ። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከሩቅ እያለቀሱ ደረሱ። ኪሩቤል እድርተኛ ባይሆንም ሰምቶ መጣ፤ መንገድ ላይ «እንኳን ሳትፈርም ሞተች» እያለ ፈጣሪውን ሲያመሰግን የሰሙት አሉ። ትርንጎ ግን በሯ ላይ ቆማለች። ልቅሶው ቀጥ አለ።

«ሟች የታለ?» አለ ጫኔ።

«ከኋላዬ ያለው ቤት ነው። ገና ስላልሞተ መቃብሩ ይቅርበት፤ ጉድጓዱን እዚህ ቆፍሩልኝ» ብላ ቦዩን አሳየቻቸው።

ጉርምርምታው ተነሳ። ደምሰው ተናዶ ወደ ቤቱ ዞረ፤ ትከሻው ላይ ያለውን ዶማ አየና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሌላውም ፈቅ አላለም።

«እሺ ይቆፈር፣ ግን በጣውላ ላይ ነው የምንቆፍረው?» አለ ሸምሱ። ሁሉም ደምሰውን አየ። ደምሰው ጫኔን አየ፣ ጫኔ ሸምሱን አየ፣ ሸምሱ ታደለን አየ፣ ታደለ እማማ ደብሪቱን አየ፣ እማማ ደብሪቱ ኪሩቤልን አዩ፣ ኪሩቤል ጫማውን አየ።

«መተያየቱን ተዉትና መኪናውን ግፉ» አለች ትርንጎ።

ገፉት። በሦስት ጎማና በአንድ ቸርኬ እየተንቋቋ ወጣ። መኪናው ከግቢው ወጣ፣ ጣውላው ከቦዩ ተነሳ፣ ዶማው ቦዩን ከፈተ፣ ኪሩቤል ለትርንጎም ለእማማ ደብሪቱም ዋስ ሆነ፣ እማማ ደብሪቱ ሥሩን አስቀርተው ዛፉን አስቆረጡ፣ ታደለ ሽቦውን ቀጠለ፣ ሸምሱ ጎማውን ነፋ፣ እንቅልፍም ትርንጎን ወሰዳት። ቤት ያጡት የደምሰው ዶሮዎች ብቻ ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ ወረደ። በተከፈተው ቦይ ገባ፣ የትርንጎን ደጅ አልፎ፣ የእማማ ደብሪቱን ጓሮ አልፎ፣ ቦዩ እስከሚያልቅበት ሄደ። ቦዩ የሚያልቀው ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ እዚያ ያለው የኪሩቤል ቢሮ ነው።

ኪሩቤል ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ። «እትዬ ትርንጎ፣ ቢሮዬ ውኃ ገባበት።»

«ውይ በሞትኩት። ኢንሹራንስ የለውም?»

«ለራሳችን ኢንሹራንስ አልገባንም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ከእኔ በታችም ቦይ ቢቆፈር ብዬ ነበር። ጋሽ መንበሩ ጡሩምባ ይነፉልኝ ይሆን?»

«የሚነፉት ለእድርተኛ ነው።»

ትርንጎ ፊቱን አየችው፤ ቤቱ ውኃ የገባበት ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ሳቋም መጣ፣ አንጀቷንም በላት።

«እሑድ ስብሰባ አለን፣ መጥተህ ተመዝገብ» አለችው። «ዶማ ግን ግዛ፣ የሰው ዶማ አናውስም።»

ወሬዬ እዚህ ላይ ደረቀ። የሰማችሁ ለጎረቤት አድርሱ፣ ያልሰማችሁ ቦያችሁን እዩ።