አያ ጅቦ ወፍ ሲቀልብ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ በእመት አህዪት አጥር ሥር ቆሞ የማይገባው ነገር አየ። የመጣው አህዪትን ሊበላ ነበር፤ ይህ የዘወትር ጉዳዩ ስለሆነ ብዙ አያስገርምም። ያስገረመው ጓሮዋ ውስጥ ያለው ነው። አህዪት ጉቶ ላይ የተሰነጠቀ ገበታ አስቀምጣ ማሽላ በትናበታለች፤ ከጎኑ በገል ውሃ አድርጋለች። ድንቢጦችና ዋኔዎች ተሰብስበው ይለቅማሉ፤ እሷ ቆማ ታያቸዋለች።

«እመት አህዪት፣ እንዴት ዋልሽ?» አለ በእሾሁ አጥር ቀዳዳ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አጥሩን አትደገፍ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወፍ እያበላሁ።»

«ጎሽ! መቼ ትበያቸዋለሽ?»

«አልበላቸውም። ጠግበው ይሄዳሉ።»

«ከዚያስ?»

«ነገ ይመጣሉ።»

አያ ጅቦ ወደ ቤቱ እየሄደ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ራሱን አመመው፤ በመጨረሻ ግን ደረሰበት። አህዪት ዋሽታዋለች። በዚህ ዓለም ማንም ማንንም በከንቱ አያበላም፤ ይቺ ሴትዮ ወፎቹን እያደለበች ነው። አህያ ወፍ እንደማትበላ ማንም አልነገረውም፤ ቢነግሩትም አያምንም ነበር።

ክረምት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በክረምት ከብቱ ሁሉ በየበረቱ ስለሚከተት ለጅብ ክፉ ጊዜ ነው። አያ ጅቦ ግን ዕድል ቀንቶት ከገደል የወደቀ በሬ አግኝቶ ሥጋውን ዋሻው ውስጥ ከትቷል። እስከ መስከረም የሚያደርሰው ያ ብቻ ነው። ያ ካለቀ እሱም ያልቅለታል፤ ይህን ራሱም ያውቃል።

ያም ሆኖ ቀበሮን ጠርቶ አማከረው። «ወፍ ላደልብ ነው። ግን ማሽላ የለኝም፤ ምን ላቅርብላቸው?»

ቀበሮ ከዋሻው የሚወጣውን ሽታ በአፍንጫው ሳብ አደረገ። «ወዳጄ፣ እንግዳ የሚስተናገደው ባለቤቱ በሚወደው ነው። አንተ ምን ትወዳለህ?»

«ሥጋ።»

«እንግዲያው ምኑን ትጠይቀኛለህ? እኔ አሳላፊ እሆንልሃለሁ። አሳላፊ የሌለው ድግስ መሳቂያ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት አያ ጅቦ ደጁ ላይ ጉቶ አቁሞ የበሬውን አንድ ጭን አስቀመጠበት፤ ራሱም ከቁጥቋጦ ኋላ አደፈጠ። ድንቢጦች መጥተው አይተው ሄዱ። ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ መላጣ አሞራ አረፈ።

«ቤቶች! ደኅና አደራችሁ?»

አያ ጅቦ ሊዘልበት ሲል ቀበሮ ጆሮውን ያዘው። «ምን ነካህ? ይጥገብና ሄዶ ዘመዶቹን ይጥራ እንጂ! ውጣና አስተናግድ።»

ወጣ። አሞራው እንደ ባህሉ ተግደረደረ፤ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት፣ አትቸገሩ» አለ። እንግዳ ሲግደረደር ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ አያ ጅቦ ሆዳም ይሁን እንጂ ባለጌ አልነበረም። «አፈር ስሆን! ትንሽ ቅመስ!» አለው። አሞራው ቀመሰ። ጭኑ አለቀ።

በማግስቱ አሥራ አራት ሆነው መጡ። ሁሉም ተግደረደሩ፤ አያ ጅቦም ሁሉንም አንድ በአንድ ለመነ። «እኔን ያስቀድመኝ፣ ይቺን ብቻ!» እያለ አጎረሳቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገማቸው። ቀበሮ ከዋሻው ሥጋ ያመላልሳል፤ መንገዱ ግን በራሱ ጉድጓድ በኩል ይዞር ነበር። አያ ጅቦ አንዲት ቁራጭ አልቀመሰም፤ ደጋሽ ከእንግዳ ቀድሞ አይበላም። ሆዱ ሲጮህበት «ቆይ፣ ነገ ሠላሳ አሞራ ትበላለህ» እያለ ያባብለዋል።

በአምስተኛው ቀን ቀበሮ ከዋሻው ባዶ እጁን ወጣ።

«አለቀ» አለ። «በል አሁን ያዛቸው። እኔ ከኋላህ አለሁ።» ይህን ብሎ በሌላ መንገድ ሄደ።

አያ ጅቦ ዘለለ። አምስት ቀን ያልበላ ጅብ የሚዘለው ግን ጥቂት ነው። አሞራዎቹ ተነሥተው ዋርካው ላይ አረፉ፤ እሱ በአፍንጫው ጉቶውን መታው። አንዲት ላባ አፉ ውስጥ ገብታ ነበር፤ እሷን ዋጣት።

ያን ቀን ዝናቡ ጀመረ። አያ ጅቦ ጭቃው ላይ ተኝቶ ስለ በሬው አለቀሰ፤ ስለሚመጣው ክረምት አለቀሰ። ጅብም ቢሆን አንጀት ይበላ ነበር። አሞራዎቹ በማግስቱም ዋርካው ላይ ናቸው። በሦስተኛውም ቀን አልሄዱም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ፣ አንገቱን ማንሳት አቅቶት። «ሥጋው አልቋል እኮ።»

መላጣው አሞራ በትሕትና ጎንበስ አለ። «አያ ጅቦ፣ እንደ አንተ ያለ ደግ አስተናጋጅ አይተን አናውቅም። ሥጋው መች አለቀ? አንተ አለህ አይደል?»

«እኔ?»

«አይዞህ፣ እኛ አንቸኩልም» አለ አሞራው፤ ክንፉንም ሰብስቦ ተቀመጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለመብላት ብሎ የሚያበላ ሰው ደጁን የሚሞሉት እንደ እሱው ያሉ በላተኞች መሆናቸውን ነው።