የጦጢት ዋስ

ተረት ተረት! «የላም በረት» የሚለውን ለዛሬ ተዉትና «የኳስ በረት» በሉኝ።

በአንድ ወንዝ ዳር የአራዊት ኮሌጅ ነበር። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ አሰልጣኝ ጋሽ ጉማሬ ከእንቅልፉ የሚነቃው ለዋንጫ ፎቶ ብቻ ስለነበረ፣ ተጫዋቾቹን ሰባት ክረምት ሙሉ ያለ ሹመት ያስተማረችው ጦጢት ናት። ኤሊ እንኳ በእሷ እጅ ሠልጥኖ ደመና እስኪነካ ዘሏል።

አንድ ቀን «ረዳት አሰልጣኝ እንፈልጋለን፤ አመልካች ዋስ ያቅርብ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ጦጢት ደስታዋን መያዝ አቅቷት፣ ኳስ መወርወር ወዳስተማረችው ወደ ቀጭኔ ሮጠች።

«አንተ ልጅ፣ ዋስ ሁነኝ። ይህችን ቦታ ስጠብቅ እስከ ጅራቴ ሸበትኩ።»

«ውይ እትዬ! ትናንት ለጋሽ ጉማሬ የእህት ልጅ ፈረምኩለት። ዋስ የሚኮነው ደግሞ ለአንድ ብቻ ነው» አለ ቀጭኔ፣ ዓይኗን ላለማየት አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ።

«ለዚያ? እሱ እኮ ሲዘል መሬቱ ይሰምጣል እንጂ እሱ ከፍ አይልም!»

«‹ሥራውን ባይችልስ?› ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ‹እትዬ ጦጢት አለችለት› ብዬ ነው የፈረምኩት።»

ጦጢት ሌላ ዋስ ፍለጋ ዱሩን ብታዳርስም፣ ጋሽ ጉማሬን ያልፈራ አልተገኘም።

በማግስቱ አዲሱ ረዳት ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ኳሷ የምትያዘው በየትኛው ጫፏ ነው?» አላት።

ጦጢት እጁን ይዛ አሳየችው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለእሷ ስጧት።