ባለ ሦስት ስልቻዋ በጋና አያ ቁራ

— ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተረት አለኝ!
— በል ይምጣ!
— ዝናብ መቶታል፣ ጥግ ስጡት።
— ይጠጋና ይናገር!

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ፣ እንግሊዝ በምትባል ደሴት፣ በአንድ ለምለም ሸለቆ ውስጥ እንስሳት በጉርብትና ይኖሩ ነበር። የዚያ ሀገር ነገር ከእኛ ሀገር የተገላበጠ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ወንዙ ሞልቶ ክረምት ሲሆን፣ እነሱ ዘንድ በጋ ነው። በጋም እዚያ እንግዳ ናት። በዓመት አንድ ጊዜ ትመጣለች፣ ጥቂት ትሰነብታለች፣ ትሄዳለች። ስትመጣ ሁሉም ከቤቱ ወጥቶ ይቀበላታል፤ ስትሄድ ሁሉም ይከፋዋል።

ታዲያ አንድ ዓመት የመጣችው በጋ ልጅ እግር ነበረች። ሳቂታ፣ ሰው አክባሪ፣ እንቢ ማለት የማይሆንላት። በጀርባዋ ሦስት ስልቻ ተሸክማለች። በአንዱ ፀሐይ፣ በአንዱ ዝናብ፣ በአንዱ ንፋስ።

ገና ከመድረሷ ወይዘሮ ንብ እየበረረች መጣች።

«እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት! አበባው ሁሉ እንደተኛ ነው። እባክሽ ፀሐዩን ልቀቂልን።»

«እሺ፣ በደስታ!» አለች በጋ። የፀሐዩን ስልቻ ፈታች። ሸለቆው ቦግ አለ።

ቀትር ላይ አያ ዳክዬ እየተንገዳገደ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣሽ እቴ! ኩሬዬ ጎደለ፣ እግሬ ተሰነጣጠቀ። እባክሽ ዝናቡን ጣል አድርጊልን።»

«እሺ፣ በደስታ!» አለች በጋ። የፀሐዩን ስልቻ ቋጥራ የዝናቡን ፈታች። ዶፉ ወረደ።

ወደ ማታ ኮረብታው ላይ የቆመው አሮጌው የንፋስ ወፍጮ ከላይ ተጣራ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! እህሉ ተከምሮ ይጠብቀኛል፣ ክንፌ ግን አልንቀሳቀስ አለ። እባክሽ ንፋሱን ላኪልኝ።»

«እሺ፣ በደስታ!» አለች በጋ። የዝናቡን ቋጥራ የንፋሱን ፈታች። ዛፉ ሁሉ ተጎነበሰ።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ዝናብ፣ ማታ ንፋስ።

ያመሰገናት ግን አልነበረም።

«ፀሐይ ነው ብዬ ብወጣ ዝናብ አጥቦኝ ገባሁ!» አለች ወይዘሮ ንብ።

«ዝናብ ነው ብዬ ስዋኝ ፀሐይ ኩሬዬን ልሳው ሄደች!» አለ አያ ዳክዬ።

«ንፋስ ነው ብዬ መዞር ስጀምር ቀጥ አለብኝ!» አለ ወፍጮው።

«እኔ ነኝ የጠየቅኳት» ያለ አንድም የለም።

በዚያ ሸለቆ አያ ቁራ የሚባል ወሬ አዋቂ ነበር። ከአጥሩ እንጨት ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ድሮ ቀረ!» አለ። «በአያቴ ዘመን በጋ፣ በጋ ነበረች። ከጠዋት እስከ ማታ ወርቅ! ሰማዩ ደመና የሚባል አያውቅም ነበር። እንደ ዘንድሮዋ ያለች ክፉ በጋ ግን ምድር ከተፈጠረች አልታየችም።»

«አይ ድሮ!» አለች ንብ።

«አይ ድሮ!» አለ ዳክዬ።

«አይ ድሮ!» አለ ወፍጮው፤ ድሮም እዚያው ቆሞ እንደነበር ረስቶታል።

አያ ቁራ ሰሚ ማግኘቱን ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስለዚህ እናባርራት! ቅጠል አርጋፊውን መኸርን አሁኑኑ እንጥራው። እሱ ቢያንስ ቃሉ አንድ ነው። እቀዘቅዛለሁ ካለ ይቀዘቅዛል።»

«እናባርራት!» አሉ ሁሉም።

ከጎተራው ጣራ ሥር ግን አንዲት ወፍ ይህን ሰምታ ክው አለች። እመት ዋኖስ ትባላለች፤ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ፣ በጭቃ ቤት የምትሠራ ወፍ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ እንቁላሎቿ ተሰብረውባት እንደገና ጥላ ፈልፍላ ነበር። ጫጩቶቿ ገና ራቁታቸውን ናቸው። በርራ መጣችና በመካከላቸው አረፈች።

«ጎረቤቶቼ፣ በእናታችሁ!» አለች። «ልጆቼ ላባ አላወጡም። መኸር ከመጣ ብርድ ይገባል፣ ትንኝ ይጠፋል። ምን አበላቸዋለሁ? በረሃብ ያልቁብኛል! ክንፍ እስኪያወጡ ብቻ ታገሡኝ።»

«ለአንቺ ጫጩቶች ሲባል ሸለቆው በሙሉ ይንገላታ?» አለ አያ ቁራ። «እሺ፣ ክፉ ነህ እንዳትዪኝ። ከዚህች የባሰች በጋ ነበረች የሚል ምስክር ካለሽ ቀኑ ሳይመሽ አምጪ። ከሌለሽ በጋ ትውጣ።»

ሌሎቹም «ልክ ነው፣ ምስክር ታምጣ» አሉ።

በጋ ይህን ሰማች። ሦስቱንም ስልቻ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችና ሸለቆው አፍ ላይ ተቀምጣ ፍርዷን ትጠብቅ ጀመር። ፀሐይም የለ፣ ዝናብም የለ፣ ንፋስም የለ። ሰማዩ እንደ አመድ ሆኖ ዝም አለ።

እመት ዋኖስ በረረች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሽማግሌው ዛፍ ነው። ባሉጥ ይባላል፤ እንደ እኛ ዋርካ ግንዱ የሰፋ፣ ጥላው ደብር የሚያክል።

«አያቴ ባሉጥ፣ ከዘንድሮዋ የባሰች በጋ ያውቃሉ?»

ዛፉ ቅጠሎቹን እያንሿሿ ሳቀ።

«ልጄ፣ ግንዴ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ የእያንዳንዷ በጋ ቀለበት በሆዴ አለ። አንደኛዋ የፀሐይ ስልቻዋን የት እንደጣለችው ሳታውቅ መጣች። በአበባ ወር ውርጭ ወረደብኝ። ፍሬ ሳይበስል፣ ጥጃ ሳይጠግብ፣ ቀኑ ጨልሞ ዓመቱ አለቀ። ያን ዓመት ያበጀሁት ቀለበት ከክር ይቀጥናል።»

«የዘንድሮዋስ?»

«የዘንድሮዋማ ደህና ልጅ ናት! ከወጣትነቴ በጋዎች ሞቅ ሳትል አትቀርም። ተያት።»

እመት ዋኖስ በረረች። ወንዙ ላይ ወደ ተኛው የድንጋይ ድልድይ ደረሰች።

«ጋሼ ድልድይ፣ ከዘንድሮዋ የባሰች በጋ ያውቃሉ?»

«ጀርባዬን እዪው!» አለ ድልድዩ። «አንደኛዋ የዝናብ ስልቻዋ ቀዳዳ ነበር። ብትቋጥረው አልቋጠር አላት። ወንዙ ከሥሬ መሄዱን ትቶ በላዬ ሄደ። ገብሱ ከነነዶው፣ በረቱ ከነጣራው ሲያልፍ አየሁ። አንዲት ዶሮ ጣራው ላይ ቆማ ‹ወዴት ነው የምንሄደው?› ብትለኝ፣ ‹እኔ መቼ ሄጄ አውቃለሁ፣ እህቴ?› አልኳት።»

ዋኖስ ጭንቅ ላይ ብትሆንም ሳቋ አመለጣት።

«የዘንድሮዋስ?»

«የዘንድሮዋማ እግሬን እንኳ በወጉ አላጠበችኝም። ተያት።»

እመት ዋኖስ በረረች። መንደሩ ጫፍ ወዳለችው የውሃ ጉድጓድ ደረሰች፤ አፏ ላይ አርፋ ወደ ታች ጮኸች።

«እሜቴ ጉድጓድ፣ ከዘንድሮዋ የባሰች በጋ ያውቃሉ?»

ድምፁ ቆይቶ ከሥር መጣ።

«አንደኛዋ፣ ልጄ፣ የዝናብ ስልቻዋን ረስታው መጣች። ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ አሁንም ፀሐይ። ለሚያይ ያማረ ነበር። ሴቶቹ ባልዲ ሲጥሉ ጭቃ ወጣ፤ እንደገና ሲጥሉ ድንጋይ ወጣ። በጎቹ ውሃ ሸትቷቸው መጥተው እዚሁ አፌ ላይ እየወደቁ አለቁ። እንዲህ ያለ ቃጠሎ በእናቴ ዘመን በዕድሜ አንዴ ነበር የሚሰማው። አሁን አሁን ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ እሱ ያሳስበኛል።»

«የዘንድሮዋስ?»

«የዘንድሮዋማ ያጠጣችኝ ልጄ ናት። ማን ነው በእሷ ላይ የሚከስ?»

ዋኖስ ልቧ ሞቅ ብሎ ተመለሰች። ሳትተነፍስ የሰማችውን ሁሉ ለጎረቤቶቿ ተናገረች። አያ ቁራ ግን አንገቱን ነቀነቀ።

«‹ወፍ ነገረችኝ› ብለን ፍርድ እንስጥ እንዴ?» አለ።

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

«ምስክር ራሱ መጥቶ ይናገር!» አለ ቁራ። «ዛፉ ይምጣ! ድልድዩ ይምጣ! ጉድጓዷ ትምጣ!»

ጎተራው ውስጥ ጫጩቶቿ «እናቴ! እናቴ!» እያሉ ይጮሃሉ። ያን ጊዜ አያ ዳክዬ ድምፃቸውን ሰማ፤ እሱም የልጆች አባት ነው።

«እነሱ መምጣት ካልቻሉ እኛ እንሂድ» አለ። «ጉድጓዷ ቅርብ ናት።»

ተነሡ። ንብ ከፊት፣ ዳክዬ ከመካከል፣ መስኩ ላይ ሲግጡ የነበሩት በጎች ከኋላ። ወፍጮው ከኮረብታው ላይ «እኔም እንድሰማ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ!» እያለ ተጣራ።

አያ ቁራ ጉድጓዷ አፍ ላይ ዘሎ ቆመ።

«እሜቴ!» አለ ጎንበስ ብሎ። «አያቴ የሚያወራላት ያች ወርቅ የሆነች፣ ደመና የማታውቅ በጋ ትዝ አትልዎትም? ድሮ ቀረ ይበሉላቸው!»

ጉድጓዷ በዝግታ እንዲህ አለች፤

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።»

«የእኔን?»

«የአንተን የመሰለ። በጎቹ እዚህ ሲያልቁ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ ሣሩ ሲያር፣ አንድ ቁራ ብቻ ነበር የሚዘፍን። አሁን አንተ በቆምክበት ቆሞ። ጠዋት አንድ ጠቦት፣ ቀትር አንድ ጠቦት፣ ማታ አንድ ጠቦት። ከመወፈሩ የተነሣ መብረር አቅቶት በእግሩ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። ‹ወርቅ የሆነች በጋ! እንዲህ ያለች በጋ አይተንም አናውቅ!› ይል ነበር። አያትህ ኖሯል እንዴ?»

ከኋላ የቆሙት በጎች ቀስ ብለው ከቁራ ራቅ አሉ።

አያ ቁራ ክንፉ ወረደ።

«አያቴ ያን ዓመት በጣም ወፍሮ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል» አለ በትንሽ ድምፅ። «ምን በልቶ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።»

ይህን ያለው አንጀት በሚበላ አነጋገር ነበር፤ ወይዘሮ ንብ ግን አልቻለችም። በእግሩ የሚሄደው ወፍራም ቁራ ታይቷት ሳቋን ለቀቀችው። ዳክዬ ተከተላት። በጎቹም ሳቁ። በመጨረሻ ራሱ ቁራ ሳቀ። ወፍጮው ከላይ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል።

ሁሉም ተያይዘው በጋ ወደ ተቀመጠችበት ወረዱ። አያ ዳክዬ ቀድሞ ተናገረ።

«ይቅር በዪን እቴ። አንድ ነገር ግን ንገሪን። ምነው አንዱን ይዘሽ ብትጸኚ?»

በጋ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«እንዴት ልጽና? ጠዋት ፀሐይ ያልሽኝ አንቺ፣ ወይዘሮ ንብ። ቀትር ዝናብ ያልከኝ አንተ፣ አያ ዳክዬ። ማታ ደግሞ ንፋስ ያሉኝ እርስዎ፣ አባባ ወፍጮ። የማንኛችሁን ቃል ላጥፍ?»

ወይዘሮ ንብ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። አያ ዳክዬ ጭንቅላቱን ክንፉ ሥር ሸጎጠ።

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ምንም አላስታውስም!» አለ ወፍጮው ከኮረብታው ላይ። ይህን ግን አጥርቶ ሰምቶታል።

እመት ዋኖስ ወደ በጋ ቀረብ አለች።

«ሁላችንንም ደስ ልታሰኚ ስትይ ደከምሽ፣ የኔ እህት። እንደ ፈቀደሽ ሁኚ። ልጆቼ እስኪበሩ ብቻ አትሂጂብኝ።»

«የት እሄዳለሁ!» አለች በጋ፤ ከደስታዋ ብዛት ሦስቱንም ስልቻ በአንድ ጊዜ ፈታችው።

ያን ጊዜ ነው ጉድ የታየው! ፀሐዩ እያበራ ዝናቡ ወረደ፤ ዝናቡ እየወረደ ንፋሱ ነፈሰ። ቀስተ ደመና ከኮረብታ ኮረብታ ተዘረጋ። እኛ ብንሆን «ጅብ ወለደች» እንል ነበር። እዚያ ግን ጅብ የለም፣ ምን ይበሉ? አያ ዳክዬ «እንግዲያው ዳክዬ ወለደች በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ተቀብለው እየደነሱ በዝናቡ በሰበሱ።

ከዚያ ወዲያ በጋ እንደ ልማዷ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ዝናብ፣ ማታ ንፋስ እያደረገች ሰነበተች። ንብ በፀሐዩ ሰዓት ሠርታ በዝናቡ ሰዓት አረፈች፤ ማሯም አልጎደለ። ዳክዬ ዋኘ። ወፍጮው ፈጨ። ፖሙ ግማሹ ጣፋጭ፣ ግማሹ ጎምዛዛ ሆኖ በሰለ። አያ ቁራም ዋኖስ ትንኝ ልታድን ስትወጣ ጎተራው በር ላይ ቆሞ ድመት ያባርርላት ጀመር።

አንድ ቀን ማለዳ ጫጩቶቹ ጣራው ጫፍ ላይ ተሰለፉ። ፀሐዩ ክንፋቸውን አሞቀ። ንፋሱ ከሥር አነሣቸው። ታላቁ ዘለለ፣ ተከታዩ ዘለለ፣ ትንሿ ፈራች፣ ፈራች፣ ዘለለችና ከሁሉም በላይ ወጣች። እመት ዋኖስ ከኋላቸው እየበረረች እልል አለች።

እኔ የሰማሁትን አሰማኋችሁ፤ እናንተም ለጎረቤት አሰሙ።

«ደግ ዘመን ነበር» ሲሉህ፣ «ለማን?» ብለህ ጠይቅ።