የዶክተሩ ሙሾ

ዶክተር ኃይለልዑል ስለ ቴአትርና ስለ ለቅሶ ሥርዓት በተጠራ ጉባኤ ላይ፣ ሙሾ ማውረድ ከጥንት ግሪኮች ቴአትር የተቀዳ ነው ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱ። ለማሳያም ከገጠር አንዲት አልቃሽ አስመጥተው መድረኩ ላይ አስቀምጠዋል። ረዳታቸው እማዋይሽ ከፊት ወንበር አንገቷን ደፍታለች፤ አልቃሿ እናቷ ናት፤ እናቷ አልቃሽ መሆኗን ግን የዶክተሩ ረዳት ከሆነች ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው ደብቃ ነበር።

«በይ እንግዲህ አልቅሺ» አሉ ዶክተሩ። «ሟች በሌለበት ካለቀስሽ ተዋናይ ነሽ፤ ትወና ደግሞ የግሪኮች ነው። እምቢ ካልሽም ጥበብሽ የውሰት መሆኑን አመንሽ ማለት ነው። የቱንም ብታደርጊ መጽሐፌ ላይ አሰፍረዋለሁ።»

እማዋይሽ አላስቻላትም። ብድግ ብላ፣ «እናቴ ናት ዶክተር፣ እባክዎ ይተዉአት!» አለች።

«ተቀመጪ ልጄ» አለቻት አልቃሿ። «ለማን ላልቅስ ጌታዬ?»

«ለእኔ! ሞቷል ብለሽ ቁጠሪኝ።»

አልቃሿ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ትክ ብላ አየቻቸው።

«በእኛ ዘንድ ሙሾ የሚወርደው ሟቹ ራሱ የሠራው እየተነሣ ነው» አለች። «ከግሪኮቹ ያመጡትን ለግሪክ አልቃሾች ልተውላቸውና፣ የራስዎን አንድ ሥራ ይንገሩኝ፤ ልጀምር።»