ዋስ ያጣችው የሾላ ተርብ

ልጆች፣ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፤ ተረት በወጉ ነው የሚደመጠው።

በድሮ ዘመን፣ ዛፍና እንስሳ ሲነጋገሩ፣ በአንድ ወንዝ ዳር ትልቅ ሾላ ነበረ። የአገሩ ሽማግሌዎች ከጥላው ሥር ተቀምጠው ይዳኙ ነበርና፣ ሾላም ሙግት ሲሰማ ኖሮ ራሱን እንደ ዳኛ ቆጠረ።

አንድ ቀን ጦጣ የገመጠችውን ፍሬ ይዛ ከሰሰች።

“ጌታዬ ሾላ፣ ፍሬዎን በከፈትሁ ቁጥር ይህች ተርብ ትወጣብኛለች። ያባርሩልኝ።”

ተርቧ ከጤፍ ቅንጣት አትበልጥም ነበር። ሾላ እንደ ሽማግሌዎቹ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ዋስ ጥሪ” አላት።

እርግብን ጠራች። እርግብ፣ “አላውቃትም” አለች።

ጉንዳንን ጠራች። ጉንዳን፣ “ሥራ ላይ ነኝ” አለ።

ጉሬዛን ጠራች። ጉሬዛ፣ “እሷን? በየትኛው ዓይኔ አይቻት?” ብሎ ሳቀ።

“እንግዲያው ወንዙን ተሻግረሽ ሂጂ” ሲል ሾላ ፈረደ።

“የምሠራውን እንኳ ሳይጠይቁኝ?”

“የጠየቅሁሽ ዋስ ነው።”

ተርቧ ዘመዶቿን ሁሉ ይዛ ተሻገረች።

ሾላ አንድ ጊዜ አፈራ፤ ፍሬው ሳይበስል ረገፈ። ሁለተኛ አፈራ፤ ረገፈ። ሦስተኛ አፈራ፤ ያም ረገፈ። እርግብ ሄደች፤ ጉንዳን ሰልፉን ይዞ ሄደ፤ ጉሬዛ ተከተለ። ጦጣም፣ “ጌታዬ፣ ጥላዎን አልበላው” ብላ ወረደች።

ሾላ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ ወንዙ ተናገረው።

“ማዶ ያለው ጎባጣ ሾላ ፍሬ ከብዶታል። ያንተ አበባ ፍሬህ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ፍሬው እንዲበስል የአበባ ዱቄት ይዛ የምትገባበት ያቺው ያባረርሃት ናት። ሌላ ማን ይችላል?”

ሾላ አፈረ። ኩራቱንም ዋጥ አድርጎ ነፋስን ላከ። ነፋስም አንዲት ተርብ ይዞ ተመለሰ።

“ያባረሯት ቅድመ አያቴን ነው” አለች ተርቧ፤ “የእኛ ዕድሜ ጥቂት ቀን ነውና። እኔም ብሆን ዋስ የለኝም።”

“ዋስሽ እኔ ነኝ” አለ ሾላ፤ ቅርንጫፉንም ዝቅ አደረገላት።

ገባች። እህቶቿም ተከተሏት። ፍሬው ቀላ፤ እርግብ ተመለሰች፤ ጉንዳንና ጉሬዛም መጡ። በመጨረሻ ጦጣ መጥታ አንድ ፍሬ ከፈተች። ተርብ ወጣች።

“እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ” አለች ጦጣ፤ እስክታልፍም ጠበቀቻት።

እንግዲህ ልጆች፣ በትንሽ ፍጥረት ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሥራውን ጠይቁ። የእኔ ተረት እዚህ ላይ ያበቃል፤ እናንተም ሾላ ስትከፍቱ ለምትወጣው ተርብ መንገድ ልቀቁላት።