ኪቦርድ ያልነካችው ተማሪ

ዶክተር ይርዳው የዩኒቨርሲቲ የፕሮግራሚንግ መምህር ናቸው። ሲያስተምሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በተማሪዎቹ መካከል ይንጎራደዳሉ። ኮምፒውተር አይነኩም፤ በተማሪው ትከሻ ላይ አሻግረው ያዩና «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ብለው ያልፋሉ።

አንድ ቀን ሁለት ሴት ተማሪዎችን አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አገኟቸው። አንደኛዋ ትጽፋለች፤ ሌላዋ እጇን አጣጥፋ የጓደኛዋን ስህተት እየተከታተለች ታርማለች።

ዶክተሩ እጇን ወዳጣጠፈችው ዞሩና፣ «አንቺ ኪቦርድ ስትነኪ አላየሁም። ኪቦርድ ያልነካ ሰው ፕሮግራሚንግ ያውቃል ብዬ ማርክ አልሰጥም። ዜሮ ነው ያለሽ» አሏት።

ልጅቷ ከመቀመጫዋ በአክብሮት ብድግ ብላ፣ «ይቅርታ ዶክተር፤ ሴሚስተሩን ሙሉ እርስዎን ሳይ፣ ኪቦርድ ሳይነካ ስህተት የሚያሳይ ሰው መምህር የሚባል መስሎኝ ነው» አለቻቸው።